የ«ፓስድ» ሁለት ፍቺ

ለወንድሜ ለእንዳላማው፦

እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ? የእንግሊዝ ብርድስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷ ተሽሏት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ጤፉ ደርሷል፤ ሰሞኑን አጨዳ እንጀምራለን።

ይህን የምጽፍልህ፣ በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገቤ እየሆነች ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው።

ባለፈው ሰኞ አሥር ሰዓት ግድም ከማላውቀው የውጭ ቁጥር መልእክት ገባልኝ። እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለት ቃል። አንዱ ያንተ ስም መሆኑን ለየሁ፣ ሌላውን አላወቅሁትም። ለጎረቤታችን ለዓለምነው ወሰድኩለት፤ አምቡላንስ ከመንዳቱ በፊት የፈረንጅ ሐኪሞች ሾፌር እንደነበር ታውቃለህ። መልእክቱን አየና፣ «እንዳላማው ፓስድ» ነው የሚለው፣ ፈረንጆቹ ሞተ ላለማለት እንዲህ ነበር የሚሉት አለኝ። በዚያ ቁጥር ደጋግሞ ደወለ፤ ዝግ ነው። ያንተም ዝግ ነው። መርዶው ለእማዬ ንጋት ላይ በሽማግሌ ይነገራት ብሎ፣ ወደ ቅኔ መምህሩ ወደ መሪጌታ አካለ ወልድ ይዞኝ ሄደ።

መሪጌታ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቁም። ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ይህ ቃል ፍቺው አንድ ብቻ ነው?» ብለው ነው። ዓለምነው፣ አይ፣ ኳስ ሲያቀብሉም ይባላል፣ ተማሪ ፈተና ሲያልፍም ይባላል አላቸው። «ታዲያ እኛስ አለፈ እንል የለ? ሰውም ያልፋል፣ ፈተናም ይታለፋል፣ ክፉ ቀንም ያልፋል» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም ፈተና ነበረበት ወይ አሉኝ። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ልትፈተን መሆንህን እንደነገርከኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «የሞት ወሬ ያለ አንድ የማጽናኛ ቃል አይላክም። ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳይጠይቅ የሚያለቅስ ተማሪ የለኝም» ብለው መርዶውን ከለከሉ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ክፉው ወሬ እንዳይቀድማቸው ብለው ቤታችን መጡ። እማዬ በዚያ ሰዓት ስታያቸው ነጠላዋን ጨብጣ ቆማ ቀረች፤ ሽማግሌ ጎሕ ሲቀድ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ «ወለተ ኪዳን፣ ልጅሽ ፈተናውን አልፏል፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። እልል አለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ነከስኩ። መሪጌታ ያለ ልማዳቸው እስከ ሦስት ሰዓት ከቤታችን አልወጡም፤ የቀረበላቸውም ጠላ ከዋንጫው አልጎደለም።

አንተ ደውለህ፣ ስልኬ ተሰብሮብኝ በጓደኛዬ አስልኬ ነው፣ አለፍኩ እኮ ብለህ ስትስቅ፣ መሪጌታ ተነሥተው ወጡ። ብከተላቸው ከአጥሩ ጥግ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያለቅሳሉ። «ባይሆን ኖሮ የእናትሽን ዓይን በምን ፊቴ አየው ነበር?» አሉኝ። እንዳላማው፣ የተማረ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ልብ ግን አላየሁም። አሁን ዓለምነውን እየጠሩ የቃሉን ሌሎች ፍቺዎች ያስቆጥሩታል፤ «ለካ ፈረንጅም ቅኔ አለው» እያሉ ይደነቃሉ።

ባለቤቴ አምሳሉ እጅ ነሥቷል። ልጄ ሶልያና አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ዓለምነው አፍሮ ይቅር በለኝ ይልሃል። መሪጌታም በጸሎታቸው አልተለዩህም። እማዬ ደግሞ «ልጄ አለፈ» እያለች ለመንደሩ ሁሉ ታወራለች፤ ሌላውን ፍቺ አደራህን እንዳትነግራት።

እኅትህ ያለምወርቅ
አማኑኤል፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.