እትዬ በዛወርቅ ያልሰሟቸው ሦስት መልእክቶች

ለተከበሩ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ምዝገባና ክትትል ማስተባበሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና እንቅልፍ የማያውቁት ሠራተኞችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናውም ሥራውም ኔትወርኩም እንደ ልባችሁ ይሁንላችሁ። ስለ እኔ ጤና አይጨነቁ፤ ማክሰኞ ዕለት ስለ ጨጓራ መድኃኒት ያነበብኩት ገጽ በገዛ እጄ ተመዝግቦ ወደ ቢሮዎ ስለተላከ ሕመሜን ከባለቤቴ ከማርቲ ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነዎት።

አምባው እባላለሁ፤ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት የኮፒና የኢንተርኔት ቤት አለችኝ። በላኩልን መመሪያ መሠረት ደንበኛ ሁሉ ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ያየውን ገጽ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረና «የጉዳዩን ፍሬ ሐሳብ» በመዝገብ እንዲያሰፍር እያደረግሁ ነው። ለዚህ አደራ ስላጩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሲያምነኝ ኖሬ በአምስት ሳምንት ውስጥ ጆሮ ጠቢ ለመሆን መብቃት ለሁሉም የሚደርስ ዕድል አይደለም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ እጅ ነስቼ አቀርባለሁ።

1. በመዝገቡ መሠረት የቦንጋ ሕዝብ ከኢንተርኔት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ የአየር ሁኔታ። ከቢታ ገነት የመጡት ጋሽ ደምመላሽ ሐኪም የጻፈላቸውን የሕመም ስም በእጃቸው ጨብጠው ገቡና የመዝገቡን አምዶች ሲያዩ ወረቀቷን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ፤ የነገን ዝናብ አይተውም ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የገቡት አሥራ ስድስት ሰዎችም ዝናብ አዩ። ቦንጋ ላይ ዝናብ መኖሩን ለማወቅ አንገትን በመስኮት ብቅ ማድረግ እንደሚበቃ ሳያውቁ አይቀሩም። ይህ ሁሉ የዝናብ ወሬ ለምን እንደሚሰበሰብ ባይገባኝም ለእርሻ ባለሙያዎች ቢያካፍሉት መልካም ነው።

2. እኔና ማርቲ ስለ ጓሮ ጎመናችን ለመነጋገር ስልኮቻችንን ጓዳ ትተን እንወጣለን። ስለ ጎመን የምንደብቀው ነገር የለንም፤ ግን ሰው እያዳመጠን ይሆናል ብለን ካሰብን ወዲህ ጎመን የሚለው ቃል እንኳ ከአፋችን አልወጣ ብሏል።

3. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። እትዬ በዛወርቅ የማንኪራ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሃሌሉያ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። እናቲቱ ፊደል ስላልቆጠሩና የረባ ስልክም ስለሌላቸው ልጅቷ የድምፅ መልእክት የምትልክላቸው በቤቴ ስልክ ነው። በየቅዳሜው የጫካውን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው ይመጣሉ። እኔም መልእክቱን ከፍቼ ስልኩን እሰጣቸውና በሩን ዘግቼ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። የሚነጋገሩበትን የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ አሳምሬ እሰማለሁ፤ የምወጣውም ለዚሁ ነው። ልጅቷ ደህና መሆኗን የማውቀው እናቲቱ ሲወጡ ፊታቸውን አይቼ ብቻ ነበር።

መዝገቡ በመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ መመሪያውን አንቀጽ በአንቀጽ ወደ ካፊኖኖ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሕግ አክባሪ መሆኔ ነበር። ፍሬ ሐሳብ የሚለው ላይ ስደርስ፣ ልጄ ስታለቅስም ትጽፋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መመሪያው ለለቅሶ አምድ አላዘጋጀም ብዬ ቀለድኩ። በዚያ ቀልድ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሳይሰሙ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጡም። ሰው ብልክባቸው፣ ለእናቷ ብላ የነገረችኝን ለቢሮ አላስነግርባትም የሚል መልስ ላኩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መልእክቶች መጥተዋል። አልከፈትኳቸውም። ለእኔ ያልተላከውን መስማት አልችልም፤ ዝም ብዬ መቀመጥም አልቻልኩም፤ ኮፒ እያነሳሁ ስልኩን አያለሁ፣ ሰው እያናገርኩ ስልኩን አያለሁ። ማንኪራ ድረስ ይዤው እንዳልሄድ ደግሞ እንደዚህ ስልክ የቢሮዎ የምዝገባ ተለጣፊ ያለበት መሣሪያ ከተመዘገበበት ቤት እንዳይወጣ የመመሪያው አንቀጽ ሰባት ይከለክላል። አንድ እናት የልጇን ድምፅ እንዳትሰማ ለማድረግ ይህን ያህል የተጣራ አንቀጽ ያረቀቁትን ባለሙያዎች ሳላደንቅ አላልፍም።

ስለሆነም የፊታችን ቅዳሜ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ማንኪራ እንደምሄድ በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። መዝገቡን ትቼው እሄዳለሁ። እናቲቱ ሲሰሙ እኔ እንደ ልማዴ ከደጅ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ቢሮዎ ሰው ሊልክ ቢፈልግ አጠገቤ ለመቆሚያ የሚሆን ቦታ አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቅጣት ደግሞ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ረጅም ዕድሜና ጥቂት ዕረፍት ለጆሮዎ እየተመኘሁ፣

የዝናብ ዜና አቅራቢዎና እስከ ዓርብ ድረስ ፍጹም ታዛዥዎ፣
አምባው
ቦንጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሃሌሉያ ወትሮ ከአራት ደቂቃ በታች ተናግራ አታውቅም። ከሦስቱ መልእክቶች የመጨረሻው ግን አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይህንንም ሳልከፍተው ከላዩ አይቼ ነው ያወቅሁት። ቢሮዎ ቀድሞኝ አዳምጦት ከሆነ ምን እንዳለች አልጠይቅዎትም። ደህና መሆኗንና አለመሆኗን ብቻ ከቅዳሜ በፊት በአንድ ቃል ይላኩልኝ፤ ማንኪራ ስደርስ እናቲቱ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን ነውና ምን ዓይነት ፊት ይዤ እንደምገባ ልወቅ።