የወዬሳ ወንበር

ጥቅምት 6
ዛሬ አሥራ አራት ሱሪ ሰፋሁ። የተማሪ ዩኒፎርም። ልነሳ ስል ወገቤ እምቢ አለ... የስፌት መኪናውን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ልብስ ተኳሹ ወዬሳ ከካውያው ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ለመኪናው እየሰገዱለት ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። መሳቁን ሳቅኩ፣ አሞኛል ግን።

ጥቅምት 8
ቤቴል ክሊኒክ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሶፊ ወረቀት ጻፈችልኝ፦ መደገፊያ ያለው፣ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር። «ለአሠሪዎ ይስጡት አባቴ፣ የጎዳዎት በርጩማው ነው።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበት በርጩማ!
ወረቀቱን ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ከተትኩት። የስፌት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ማራኪ «አርጅተዋል፣ ይረፉ» ብትለኝስ? ሚስቴ አልማዜ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ብቻዬን መዋል... አልችልም።

ጥቅምት 11
ዕድር ነበር። ለወንበር ይረዱ እንደሆነ ጸሐፊውን መኳንንትን ጠየቅኩት። «ወንበርማ ሁለት መቶ አለን!» ለካ የለቅሶውን። ለሥራ መሆኑን ባስረዳው፣ «እሱ ደንባችን ውስጥ የለም። ስትሞት ግን ምንም አትቸገርም» አለኝ። ደግ ሰው።
ቁጠባ ማኅበሩ ለዕቃ ያበድራል። ግን የአሠሪ ደብዳቤ ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ ማራኪ ዘንድ።

ጥቅምት 13
ማራኪ ክፍል ገባሁ። አፌ ከዳኝ። «አንድ ሠራተኛ አለ... ወገቡን የሚያመው... ወንበር ቢያገኝ... መናገር አፍሮ ነው።»
«ገባኝ ጋሼ ደመቀ። እግዜር ይስጥልኝ።»
ምን ገባት?

ጥቅምት 20
ወንበሩ መጣ። ጥቁር፣ ጎማ ያለው። ለወዬሳ! ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚተኩስ እሱ መስሏታል። ግማሹን እሷ ልትችል፣ ግማሹ ከደሞዙ ቀስ እያለ ሊቆረጥ።
«እትዬ፣ የእኔ ወገብ እኮ የስልክ እንጨት ነው! ተቀምጬ በየት በኩል ልተኩስ?»
«አትፈር ወዬሳ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ።»
ሁሉም ሳቀ። እኔም። እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 21
ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስግደቱ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ስፌት ቤት ሂድና የልጁን ደሞዝ አስመልስ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ወገብስ ስግደቱ...

ጥቅምት 22
ወረቀቱን ከውዳሴ ማርያሜ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። «ያ ‹አንድ ሠራተኛ› ያልኩሽ እኔ ነኝ።»
አነበበች። በቃ፣ ወደ ቤት ነው አልኩ በልቤ።
«ጋሼ፣ እርስዎ የሰፉት ኪስ ብቻ ነው ተማሪ የማይቀደው። አስወጣዎታለሁ ብለው ነው የደበቁኝ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ መሰለኝ።
ወዬሳ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። «ተመስገን! ደሞዜ ተረፈ!» አለና ወንበሩን እየገፋ አመጣልኝ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ዞሬበታለሁ፣ ይበቃኛል» አለ።
ግማሹን ስፌት ቤቱ፣ ግማሹን ቁጠባ ማኅበሩ። ደብዳቤውን ጻፈችልኝ። በገዛ ስሜ ፈረምኩ።

ጥቅምት 28
ትናንት መድኃኔዓለምን ቆሜ አስቀደስኩ። ተመስገን።
ዛሬም አሥራ አራት ሱሪ። ስነሳ መኪናውን አልያዝኩም። በርጩማዬ ላይ የወዬሳ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል።
ወደ ማታ ጨርቅ ቆራጩ ኢብራር መጣ። ቀን ሙሉ አጭር ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚቆርጠው። «ጋሼ... አንድ ሠራተኛ አለ... አንገቱን የሚያመው...»
«ኢብራር፣ አንገትህን ነው?»
መሬት መሬት አየ። እጁን ይዤ ወደ ማራኪ ክፍል ወሰድኩት።