ሳይከፈቱ የከረሙት ላፕቶፖች

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ቴዎፍሎስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው፣ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ትርሲትና ሕፃኗ ምስጋናስ ደኅና ናቸው? የስቶክሆልም ብርድ በረታብኝ ያልከውን ለእማዬ ባነብላት፣ የአንኮበር ልጅ ሆኖ ብርድ መፍራቱ ያሳፍራል ብላ ሳቀችብህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅህን ስሰማ ወሬ ለወጥኩ። ለማኅበራችሁ የምንጽፈው ሪፖርት ጊዜው ስለደረሰ ከእንግዲህ መደበቅ አልችልም። አንተና የአገራችን ልጆች አዋጥታችሁ ለትምህርት ቤታችን የላካችኋቸው አርባ ላፕቶፖች ሁሉም አሉ። አንድም አልጠፋ፣ አንድም አልተሰበረ። አብዛኞቹ ግን ከጥቅምት ጀምሮ አንዴም አልተከፈቱም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለእያንዳንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ላፕቶፕ የሚለውን ዕቅድ ስናወጣ ጭንቀቴ ሁሉ ዋጋው ነበር። አዲስ ስለማይቻል ያገለገለ ይሁን፣ ኢንተርኔት ስለሌለ ትምህርቱ አስቀድሞ ይጫንበት፣ ቤቱ መብራት የሌለው ትምህርት ቤት ቻርጅ ያድርግ አልን። ወላጆችን ሰብስቤ ሳስፈርም ግን፣ ይህ የሰው አደራ ነው፣ ጠብቁልን አልኳቸው። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ። አባባ የጎረቤት እህል አደራ ሲቀመጥበት፣ እኛ እየራበን እንኳ ወደዚያ ዞሮ አያይም ነበር። ልጆቹ ለቻርጅ ሳይመጡ ሲቀሩም፣ ሌላ ቦታ መብራት ያገኙ መስሎኝ ሳልጠይቅ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት የተማሪዬ የአልታየች አባት፣ አቶ ባየው ቤት ሄድኩ። ሳጥናቸውን ከፈቱልኝ። ላፕቶፑ በነጠላ ተጠቅልሎ ከመሬት ደብተራቸው ሥር ተቀምጧል፤ ስናድለው ያሸግንበት ላስቲክ እንኳ አልተከፈተም። ልጄ እያለቀሰች ብትለምነኝም እጇን አላስነካኋትም አሉኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብለው። የተሰጠው እንድትማርበት መሆኑን ስነግራቸው፣ ታዲያ ልጄን የበደልኳት እኔ ነኝ? አሉኝ። እኔ ነኝ ብላቸው አላመኑኝም። ሌሎቹንም ቤቶች ስዞር አብዛኛው እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት።

ዕቅዱን አብሮኝ ያወጣው መምህር ለተጊዮርጊስ፣ ሁሉም በደኅና አሉ ብለን ብቻ እንጻፍ፣ ውሸት አይደለም ይላል። እውነቱን ከጻፍን ማኅበራችሁ ለቀሩት ክፍሎች መላኩን ይተዋል ብሎ ሰግቷል። እኔም ሰግቻለሁ። አንተም ስምህን አስይዘህ የለመንካቸው ሰዎች ፊት እንደምታፍር አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ነገር ግን የገጠር ሰው ለኮምፒውተር ገና ነው የሚል ካለ፣ ይህን ደብዳቤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት። የሳቱት እነሱ አይደሉም።

ትርሲትን በጣም ሰላም በልልኝ። ምስጋናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ፣ ሞላልኝና ሀይማኖት በናፍቆት ሰላም ይሉሃል።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል ዛሬ ጠዋት አቶ ባየው ላፕቶፑን ታቅፈው ትምህርት ቤት መጡ። ሊመልሱት መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሌላ ወረቀት እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። በጥቅምት የፈረምኩት ልጠብቀው ነበር፣ አሁን ልጄ እንድትሠራበት ልፈርም አሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩላቸው።

እህትህ ሥርጉት
ጎረቤላ፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.