የሃርሎው ክሪክ ትምህርት ቤት ፕላን

ዳቬንፖርት፣ አዮዋ
ማርች 11 ቀን 1913

ውድ አጎቴ ኤልስዎርዝ፣

«ውድ» ብዬ ስጀምር እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ግን በስድስት ዓመቴ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው የእርሳስ አያያዝ ያሳዩኝ ሰው ነዎትና ሌላ ቃል አጣሁ። ካሊፎርኒያ እንደተስማማዎት ጽፈዋል። ደስ ይበልዎት። እዚህ በረዶው ገና አልለቀቀም።

የላኩት ትእዛዝ ደርሶኛል። ለየከተማው የትምህርት ኮሚቴ በምንልከው አዲሱ የትምህርት ቤት ሕንፃ ፕላኖች መጽሐፍ ውስጥ የሃርሎው ክሪክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲወጣ፣ የዴስኮቹ አቀማመጥ በእርስዎ ስም «የፔንዋርድ አቀማመጥ» እንዲባል፣ በነዳፊው ቦታም የእርስዎ ስም ብቻ እንዲገባ አዘዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ሳቄ መጣ፤ ከንዴት የሚመጣውን ሳቅ ያውቁታል።

ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። የሃርሎው ክሪክ ሰዎች ፕላኑን ለሰኞ ፈለጉት። የእነሱ ቦታ ግን መንገዱ በሌላ በኩል ስለሆነ የቀድሞው ፕላናችን አልገጠመም። እርስዎ ባርኔጣዎን እንኳ ሳያወልቁ ቀጥ ብለው አባቴ ጠረጴዛ ላይ መጡ።

«ኦቶ፣ የንድፉ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፍ የለም እንዴ፣ ገልብጠውና ከጀርባው አትመው። ግራው ቀኝ ይሆናል፣ አለቀ።»

«መስኮቱስ?» አለ አባቴ። «በልጆቹ ቀኝ ሊሆን ነው እኮ!»

«ብርሃን ብርሃን ነው! ፀሐይዋ ግራና ቀኝ ታውቃለች እንዴ? ይልቅ ሰኞ እየደረሰ ነው።»

ከጎናችሁ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቢሮ የሰበከው አንድ ነገር ነው፤ ብርሃን ከተማሪው በግራ ይግባ፣ የሚጽፍበት እጅ ወረቀቱን እንዳያጠላበት። እርስዎ ራስዎ በየከተማው እየዞሩ እንደ ቄስ ሲናገሩት ሰምቻለሁ። አባቴም ገለበጠው። ማጥፋቱን እሱም አይክድም።

ሕንፃው ተሠርቶ ትምህርት በተጀመረ በወሩ መምህርቷ ሚስ ሄንሪካ ቦልት የልጆቹን ደብተር ታቅፋ ቢሮ ገባች። «ሃምሳ ልጅ በገዛ እጁ ጥላ ውስጥ ነው የሚጽፈው! ይህን የሠራው ሰውዬ ለመሆኑ ብዕር ይዞ ያውቃል?» አለች። እርስዎ ውሃ እንድትጠጣ ጋበዟት።

የሃርሎው ክሪክ ኮሚቴ በቢሯችን ሲሰበሰብ ግን ውሃ ብቻ አልበቃም። ሊቀመንበሩ ሚስተር ግሪምስ «ማን ነው ያጠፋው?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎ ተነሥተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ኦቶ አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። አዝኜለት ነው እስካሁን ያቆየሁት» አሉ።

አዝነውለት! ሃያ ሁለት ዓመት አብሮዎት የሠራውን ሰው! አባቴ ጫማውን ብቻ አየ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩና «ጥፋቱ የሚስተር ሉስክ ነው» ብዬ በአባቴ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ። እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ፈርቼ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

በሳምንቱ ስሙ ከቢሮው በር ላይ ተነሣ። እሱ ግን በዚያው ቅዳሜ መፍቻውን ይዞ በባቡር ሃርሎው ክሪክ ሄደ። ከሚስ ቦልት ጋር ሆነው በአንድ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ የታሰሩትን ዴስኮች አንድ በአንድ ፈትተው ፊታቸውን ወደ ኋላው ግድግዳ አዞሯቸው፤ ጥቁር ሰሌዳውንም ወደዚያው ወሰዱት። መስኮቱ ከልጆቹ በግራ ሆነ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ከእኛ መካከል ያሰበው እሱ ብቻ ነበር። ኮሚቴው አይቶ የቀሩትን ክፍሎችም እንደዚያው አስደረገ።

አሁን ደግሞ ይህንን መፍትሔውንም ሊወስዱበት ነው። ስህተቱ ለእሱ፣ መፍትሔው ለእርስዎ! እንዲህ ያለ አከፋፈል የት አገር ነው ያለው? የስድሳ አራት ዓመት ሰው በእንጨት መጋዘን ሳንቃ እየለካ ይውላል፤ እርስዎ ደግሞ በስሙ ቦታ ስምዎን አሳምሬ እንድጽፍልዎ ያዙኛል።

እሑድ ዕለት ገጹን ሠርቼ ቤት ወሰድኩት። በነዳፊው ቦታ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «ንድፉ እንዲገለበጥ ያዘዘው ኢ. ፔንዋርድ፤ ያስተካከለው ኦ. ሉስክ።» አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና የቀለም መፋቂያውን ቢላ አመጣ።

«የኤልስዎርዝ ስም እዚህ ላይ አይወጣም» አለ።

«እሱ ያንተን በኮሚቴው ፊት አውጥቶት የለም እንዴ?»

«የእሱን እሱ ያውቃል። አንድ ላይ ያረጀን ሰዎች ነን። እሱን የዕድሜ ልክ ሥራው በወጣበት መጽሐፍ ላይ አላዋርደውም።»

ጨርቁ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ስምዎን ፋቀው። ቀጥሎ የራሱንም ፋቀ። «በቃ፣ እንዲህ ባዶ ይሁን» ብሎ ዶሮዎቹን ሊያበላ ወጣ። ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በእሱም ተናድጄ፣ በእርስዎም ተናድጄ። እንዲህ የሚወድዎትን ሰው ነው ከበር ያወጡት።

እኔ ግን እንደ አባቴ አይደለሁም። የተፋቀውን ቦታ ቀለም እንዲይዝ በጠመኔ አሽቼ ሁለቱንም ስም መልሼ፣ ከፊተኛው አጉልቼ ጻፍኳቸው። ያ ቃለ ጉባኤም ሐሰት መሆኑን፣ በእርግጥ የሆነውንም ዘርዝሬ፣ ፈርሜበት ለሚስተር ግሪምስ ልኬያለሁ። ገጹ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ገብቷል። ይህ ደብዳቤ እጅዎ እስኪደርስ መጽሐፉ ታትሞ ያልቃል፤ ቴሌግራም ቢልኩም አይደርሱበትም።

አባቴ አልሰማም። መጽሐፉ ሲወጣ ይቆጣኛል፤ ምናልባትም ይቅርታ ሊጠይቅዎ ይጽፍልዎ ይሆናል። ከጻፈልዎ፣ እባክዎ፣ አይቀበሉት።

የኦቶ ሉስክ ልጅ፣
ዊኒፍሬድ