የኔታ ያላዩት መልህቅ

ወንድሜ ኤርምያስ፣

ይህ ፖስት ካርድ እንደደረሰህ ሳትውል ሳታድር ወደ የኔታ አሥራተ ማርያም ይዘኸው ሂድ። አልጋ ይዘዋል ማለትህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሰቆጣ አብረን ስንማር የኔታ «መልህቅ መርከብ የሚያቆም ብረት ነው» ሲሉን፣ አንተ «ባሕር ውስጥ ወርዶ ማን ይቸክለዋል?» ብለህ ጠየቅሃቸው። እኛ የምናውቀው በቅሎ የሚታሰርበትን ችካል ነዋ! እርሳቸውም ሳቅ ብለው «እኔም አላየሁም ልጄ፤ ያየ ይንገረኝ» አሉ።

ዛሬ ጠዋት የምሠራበት መርከብ ወደ ጅቡቲ ወደብ ለመግባት ተራ ሲጠብቅ መልህቁን ጣለ። ሰንሰለቱ ሲወርድ ከሰቆጣ ማዶ ያለው የዝቋላ ገደል የተናደ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። የቸከለው ማንም የለም። አለቃችን «ብረቱ ብቻ አይምሰልህ፤ ባሕሩ ወለል ላይ የተጋደመው ሰንሰለት ክብደቱ ነው የሚይዘን» አለኝ። የሰቆጣን ገበያ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ መርከብ፣ በዓይን በማይታይ ነገር ተይዞ ቀጥ አለ። እኔም ቆቤን አውልቄ ቆምኩ።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን የእማማ ወለተ ሰንበትን ጉልበት ሳምልኝ። ለየኔታ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ያየ ይንገረኝ ብለው ነበር፤ «ተማሪዎ ሰማኸኝ አይቷል» በላቸው።