ጥቁር ለብሼ የሄድኩበት የጨው ገደል

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የደብረ ብርሃን ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግሬ ውሃ ከመቋጠሩ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ስለተቆጣሽኝ ነው ቀስ ብዬ የምጽፍልሽ። የልጇ ዓመት ሳይወጣ ሽርሽር ሄደች፣ እንግዲህ ከሏን ሌላ ሰው ያውልቅላት ብለሻል። መጀመሪያ ስሚኝ።

ልጄ ማዕረግ ከመታመሙ በፊት ከጓደኞቹ ጋር አፋር ወርዶ የጨው ገደሉን ሊያይ ቀን ቆርጦ ነበር። የመንገድ ጫማ ሁሉ ገዝቷል። ባለፈው ጓደኞቹ ሁዘይፋና ሀዊ ካዛንቺስ ቤቴ መጥተው፣ ልንሄድለት ነውና ይመርቁን አሉኝ። እዚያው ደርሰን እመርቃችኋለሁ አልኳቸው። ተያዩ።

ከመስቀል አደባባይ በንጋት ተነሳን። ሁለት ቀን በመኪና ሄደን፣ በሦስተኛው ፀሐይዋ ሳትከር በእግር ገባን። ሁዘይፋ፣ ማዘር፣ እዚህ ጥላው ላይ ይቀመጡ፣ እኛ ፎቶ አንስተን እናሳይዎታለን አለኝ። ፎቶማ ቤቴ ሞልቷል አልኩት። ከዚያ በኋላ ውሃዬን ያዘልኝ።

እትዬ፣ ጨው እንደ ፎቅ ይቆማል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ቀይ፣ ነጭ፣ ቡናማ እየተደራረበ፣ እንደ ነጠላ ጥለት። ከዚያ አለፍ ሲሉ መሬቱ ራሱ ቢጫ ነው፣ አረንጓዴም ጣል ጣል ብሎበታል። ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። መንገድ የሚመራን አፋር ሽማግሌ፣ እኚህ ማናቸው ብሎ ጠየቀ። ሀዊ የማዕረግ እናት ናቸው አለችው፣ ልጄን የማያውቀው ሰው ያለ አይመስላትም። ኮራሁ፣ አልደብቅሽም። እነሱ ሁለቴ ሲያርፉ እኔ አንዴ ነው ያረፍኩት።

አልሳቅኩም፣ አልዘፈንኩም። ጫፉ ላይ ቆሜ መረቅኳቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔ አላለቀስኩም።

ስንመለስ ሁዘይፋ እግሬን አየና፣ ማዘር፣ ጫማው እኮ በጣም ሰፍቶዎታል አለኝ። ሁለት ካልሲ ደርቤበታለሁ አልኩት። አሁን ጨውን ሳላራግፍ ከማዕረግ አልጋ ሥር መልሼዋለሁ።

ለዓመቱ ነይልኝ። ከሌን ካንቺ እጅ በቀር ማንም አያወልቅልኝም፤ ካልመጣሽ እንደለበስኩ እቀመጣለሁ። ነጠላ ስትገዢልኝ ግን ጥለቱ ቢጫ ይሁን።

እናቱን ያጸና ቅዱስ ቂርቆስ አንቺንም ይጠብቅሽ፤ ጉልበትሽን ይማርልሽ።

ታናሽ እህትሽ፣ የማዕረግ እናት