ትልቁ የቤንዚን ሰልባትዮ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ የእኔ ደም ግን ፈልቷል።

የላክኸው ትልቅ የቤንዚን ሰልባትዮ ደረሰ። ታናሽ ወንድምህ ሞተር ሳይክሉን ሳሎን አስገብቶ በድሮው ቤንዚን መያዣ ቦታ ገጠመው። እናትህ የምትቀመጥበትን የኋላ መቀመጫ ነቅሎም የጀሪካን መያዣ በየደበት።

«ለገበያ ነው» ይላል።

«ገበያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው! እናትህስ የት ትቀመጥ?»

«ታክሲ አለላት፣ አባዬ።»

አንተም የዛሬ አራት ዓመት ገበያ ደርሼ ልምጣ ብለህ ነው የወጣኸው። ከእንግዲህ አንዲት ብሎን እንዳትልክለት!

ትናንት ካንዴላውን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ያለሱ ሞተሩ አይነሳም። እሱ ቤቱን እያመሰ ይፈልጋል፤ እኔም አልጋ ሥር እያጎነበስኩ አብሬው እፈልጋለሁ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ አትናገርም።

ንዴቱ ሲበርድለት የሚስምህ፣
አባትህ